ሰርቪስ፣ ኮርኒስ፣ ሶኬት፦ ስለ ቤትና ስለ ዕቃ እንግሊዝኛ የጠየቃችሁን

ባለፈው እትም «ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቤት ዕቃ እንግሊዝኛ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልን» ብለን ነበር። ሰሜን ሸዋ አላሳፈረንም። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር ሳይቀር ጽፋችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስማችሁንም ትቼ፣ እነሆ መልሱን።

ጥያቄዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ሰው የሚቸገረው በማያውቀው ቃል አይደለም። መጥረጊያ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያላወቀ ሰው ስልኩን ከፍቶ ያያል፣ «ብሩም» ይላል፣ አለቀ። ጉድ የሚሠራን ከልጅነታችን ጀምሮ በአፋችን ያለው፣ «ይሄማ እንግሊዝኛ ነው» ብለን ሳንጠራጠር የምንወረውረው ቃል ነው። አንዳንዱ ጣሊያንኛ ነው፣ አንዳንዱ የዕቃ ማርካ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እውነትም እንግሊዝኛ ሆኖ እኛ አገር ሲደርስ ሌላ ሥራ የያዘ ነው። ዛሬ ብዙ የማወራው ስለነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ቤት አገናኛለሁ። ደላላ ነኝ በቃ። ለፋብሪካ ሥራ የሚመጡ የውጭ ሰዎች ቤት ይጠይቁኛል። በቀደም ለአንዱ «ቪላ ነው፣ ሰርቪስ አለው፣ ኮርኒሱ አዲስ ነው፣ ካልፈለግህ ደግሞ ጂ ፕላስ ዋን አለ» ብዬ በእንግሊዝኛ ባስረዳው ዝም ብሎ አየኝ። ምኑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህ ደህና ነው። የከዱህ አራቱ ቃላት ናቸው።

በ«ሰርቪስ» እንጀምር። እኛ ሰርቪስ የምንለው ከዋናው ቤት ጀርባ የምትሠራዋን ክፍል ነው። ማድቤት ትሆናለች፣ የሠራተኛ ማደሪያ ትሆናለች፣ ዛሬ ዛሬማ ለብቻዋ ትከራያለች። ፈረንጁ ግን «ቤቱ ሰርቪስ አለው» ስትለው የሚያጸዳ ወይም የሚጠግን ሰው ከቤቱ ጋር አብሮ ይመጣል ብሎ ነው የሚረዳህ። ያለውን ነገር እንዳለ ተናገር፦ «ዜር ኢዝ ኧ ሴፓሬት ሩም ኢን ዘ ባክያርድ»። ኬንያ የኖረ ሰው ከሆነ «ሰርቫንትስ ኳርተር» ብትለው ይገባዋል፣ እዚያ የኪራይ ማስታወቂያ ላይ የተለመደ ነው። ለሌላው ባትለው ይሻላል። «ሰርቫንት» የሚለው ቃል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው።

«ቪላ» ደግሞ ለኛ ፎቅ ያልሆነ፣ የራሱ ግቢ ያለው ቤት ነው። እንግሊዞች ቪላ ሲባል የሚታያቸው ሞቃት አገር ያለ፣ መዋኛ ያለው የዕረፍት ቤት ነው። እንግዳህ ጠባሴ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ መዋኛ ሊጠብቅ ነው ማለት ነው! «ሲንግል ስቶሪ ሃውስ» በለው። ለእንግሊዝ «ባንጋሎው»ም ይሆናል። ከሌላ ቤት ጋር በግድግዳ ያልተያያዘ መሆኑን መንገር ከፈለግህ «ዲታችድ ሃውስ» ነው።

«ጂ ፕላስ ዋን» መሐንዲስ ይገባዋል፣ ህንዶችም ይሉታል። አሜሪካዊ ግን «ቱ ስቶሪ ሃውስ» ካላልከው ግር ይለዋል። የፎቅ ቁጥር ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። እንግሊዞች መሬት ላይ ያለውን «ግራውንድ ፍሎር» ብለው ከሱ በላይ ያለውን «ፈርስት ፍሎር» ይሉታል፣ ልክ እንደኛ። አሜሪካኖች ግን መሬት ላይ ያለውን ራሱን ነው «ፈርስት ፍሎር» የሚሉት። ስለዚህ ቁጥሩን ተወውና «አፕስቴርስ»፣ «ዳውንስቴርስ» በል። ማንም አይሳሳትም።

«ኮርኒስ»ን ከጣሊያን ነው የወሰድነው። እንግሊዝኛም ይህ ቃል አለው፣ ግን ጣሪያና ግድግዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚደረገውን ጌጥ ነው የሚሉት። እኛ ኮርኒስ የምንለው «ሲሊንግ» ነው። «ሊሾ»ም ጣሊያንኛ ነው፣ ለስላሳ ማለት፤ «ስሙዝ ሲመንት ፍሎር» ብለህ አስረዳ። «ሮቶ» የማርካ ስም ነው፣ «ዋተር ታንክ» በል። «ግቢ»ን «ኮምፓውንድ» ብትል አፍሪካ የኖረ ሰው ይገባዋል፣ አሜሪካዊው ግን የታጠረ የወታደር ሰፈር ይመስለዋል። ለሱ «ያርድ» ይበቃዋል።

አሁን ገንዘብ ወደሚያጣላው። አንድ ክፍል ቤት ለማለት «ዋን ቤድሩም» እንዳትል። «ዋን ቤድሩም» መኝታው አንድ ሆኖ ሳሎንና ኩሽና ለብቻ ያለው ቤት ነው። አንዲት ክፍል ብቻ ከሆነች «ሲንግል ሩም» ናት። የራሷ ኩሽናና መታጠቢያ እዚያው ካላት «ስቱዲዮ» ትባላለች። ሰውዬው «ዋን ቤድሩም» ብለኸው መጥቶ አንዲት ክፍል ብታሳየው ያታለልከው ይመስለዋል፣ አይፈረድበትም። «ባዶ ቤት»ንም «ኤምፕቲ ሃውስ» አትበል፣ ያ ሰው የሌለበት ቤት ነው። ዕቃ የሌለው «አንፈርኒሽድ»፣ ዕቃ ያለው «ፈርኒሽድ» ነው።

እሱ ደግሞ «አር ዩቲሊቲስ ኢንክሉድድ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ውሃና መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው ወይ ማለቱ ነው። ቆጣሪ «ሚተር» ነው፤ የጋራ ከሆነ «ሼርድ ሚተር» በለውና ሳትደብቅ ንገረው። የጋራ ቆጣሪ ስንት ጎረቤት እንዳጣላ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ውል ላይ ከደረሳችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የከተማህን አፈጻጸም ከአስተዳደሩ ጠይቅ። ቅድሚያ ክፍያን «ሬንት ኢን አድቫንስ» ትለዋለህ። ራስህንስ? «ብሮከር» ኒው ዮርክ ላይ ይሠራል፣ ብዙ ቦታ ግን አክሲዮን የምትሸጥ ያስመስልሃል። «ሬንታል ኤጀንት» በል፣ ለእንግሊዝ ደግሞ «ሌቲንግ ኤጀንት»። እዚያ አገር የሚከራይ ቤት ላይ «ቱ ሌት» ተብሎ ይጻፋል። መሐሉ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ ሽንት ቤት የሚያደርገው ጎረምሳ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ተከራይቼ ነው የምኖረው። እዚያው ግቢ የውጭ አገር መምህር አሉ። መብራት ሲጠፋ «ዘ ላይት ኢዝ ሎስት» ስላቸው ይስቃሉ። ቧንቧ ተበላሸ፣ ቁልፍ ተበላሸ፣ ሶኬት ተበላሸ ስላቸውም የማይገናኝ ነገር ይመልሱልኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ «ሎስት» ስትዪ መብራቱን የሆነ ቦታ ጥለሽው የምትፈልጊው አስመሰልሽው። መብራት ሲጠፋ «ዘ ፓወር ኢዝ አውት» ነው። መጥፋቱን እንግሊዞች «ፓወር ከት»፣ አሜሪካኖች «ፓወር አውቴጅ» ይሉታል። ሌላው ቤት በርቶ ያንቺ አምፖል ብቻ ከተቃጠለ ነገሩ ሌላ ነው፦ «ዘ በልብ ኢዝ በርንድ አውት»። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ «ዘ ዋተር ኢዝ ኦፍ»።

የቀሩት ሦስቱ ላይ የሚያጋጭሽ አማርኛችን በአንድ ቃል የሚጠራውን እንግሊዝኛ ለሁለት ለሦስት መክፈሉ ነው። ቧንቧ የምንለው የሚከፈተውንም የሚዘጋውንም ነው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውንም ነው። እጅሽ የሚያዞረው ለእንግሊዝ «ታፕ»፣ ለአሜሪካ «ፎሴት» ነው። የተቀበረው «ፓይፕ» ነው። «ዘ ታፕ ኢዝ ድሪፒንግ» ካልሽ ጠብ ጠብ ይላል፣ ባልዲ ብታስቀምጪ ያድራል። «ዘ ፓይፕ ሃዝ በርስት» ካልሽ ግን ቤቱ በውሃ እየተሞላ ነው፣ ሰው ሮጦ ይመጣል። ሁለቱን ብታምታቺ ወይ በከንቱ ታስሮጫቸዋለሽ ወይ ፍራሽሽ እስኪንሳፈፍ ማንም አይመጣልሽም።

ቁልፍ ይብሳል። የምትይዢው «ኪይ» ነው፣ በሩ ላይ ያለው «ሎክ» ነው፣ የምናንጠለጥለው ጋን ቁልፍ «ፓድሎክ» ነው፣ የሸሚዝሽ ደግሞ «በተን» ነው። አራቱም ለኛ ቁልፍ ናቸው። ቁልፉ ውስጥ ተቀርቅሮ በሩ ከተዘጋብሽ «አይም ሎክድ አውት» በያቸው፣ ይህቺን ብቻ ብትይዢም ትጠቅምሻለች።

ሶኬትም ያው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው «ሶኬት» ነው፣ አሜሪካኖች «አውትሌት» ይሉታል። ከገመዱ ጫፍ ያለው፣ የሚሰካው «ፕለግ» ነው። እኛ ደግሞ ማከፋፈያውን «ዲቫይደር» እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲቫይደር ሲሰማ ክፍል የሚከፍል መጋረጃ ወይም ሰሌዳ ነው የሚመስለው። እንግሊዙን «ኤክስቴንሽን ሊድ»፣ አሜሪካዊውን «ፓወር ስትሪፕ» በዪው። አከራይሽ ወንድ ከሆነ «ላንድሎርድ»፣ ሴት ከሆነች «ላንድሌዲ» ነው። ኪራይ ሲጨመርብሽ ደግሞ፣ አይድረስብሽና፣ «ዴይ ሬይዝድ ማይ ሬንት»።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ከደብረ ሲና ወደ አሜሪካ ልሄድ ነው። ዘመድ የአፓርትመንት ማስታወቂያ ልኮልኛል። «ሊዝ»፣ «ሴኪዩሪቲ ዲፖዚት»፣ «ዋን ኤንድ ኧ ሃፍ ባዝ»፣ «ዎክ አፕ»፣ «ሩምሜት ዋንትድ» ይላል። ቃሉን አነባለሁ፣ ሐሳቡ አይገባኝም። ምጣድና ስቶቭ ይዤስ ልሂድ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ከምጣዱ ልጀምር፣ ሻንጣ ሳትዘጊ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ተዪው። እኛ አገር መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ ደግሞ የግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ነው። ለ220 የተሠራ ምጣድ እዚያ ቢሰካ ከሲሶ ያነሰ ኃይል ነው የሚያገኘው፣ ሊጡ ሳይበስል ይደርቅልሻል። መሰኪያውም አይገጥምም። እንጀራ የሚጋግሩት አበሾች እዚያው የሚሸጥ ሰፊ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ይገዛሉ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ «ግሪድል» ይባላል። ጀበናሽን፣ ስኒሽን፣ ረከቦትሽን ያዢ፣ ቮልት አያውቁም። ስቶቭም አያስፈልግሽም። እኛ ስቶቭ የምንላት ትንሿ በእንግሊዝኛ «ሆት ፕሌት» ናት፤ አሜሪካ «ስቶቭ» የሚባለው ትልቁ፣ ብዙ ጊዜ ከታቹ ዳቦ መጋገሪያ ያለው ነው። አፓርትመንት ብዙውን ጊዜ ከሱና ከፍሪጅ ጋር ነው የሚከራየው። ፍሪጅ ስላለው ግን «ፈርኒሽድ» አይባልም፣ አልጋሽን ራስሽ ነው የምትገዢው።

«ሊዝ» እኛ አገር ሲባል የሚታየን መሬት ነው፣ ከመንግሥት የሚወሰድ። እዚያ የቤት ኪራይ ውል ራሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይፈረማል፣ ሳያልቅ ጥሎ መውጣት «ብሬኪንግ ዘ ሊዝ» ይባላል፣ ገንዘብ ሊያስከፍልሽ ይችላል። በየወሩ የሚቀጥለው «መንዝ ቱ መንዝ» ነው። ሥራሽ የት እንደሚሆን ሳታውቂ ይሄኛውን ካገኘሽ ይሻላል፣ ኪራዩ ትንሽ ወደድ ቢልም።

«ሴኪዩሪቲ ዲፖዚት» ቀብድ አይደለም፣ የደላላም አይደለም። ቤቱን ካላበላሸሽ ስትወጪ የሚመለስልሽ መያዣ ነው። መጠኑን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ይወስናል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአብዛኛው አከራይ በአንድ ወር ኪራይ ገድባዋለች። እዚህ ላይ የሚጠቅምሽ ቃል «ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር» ነው። ሰው ስለኖረበት ብቻ የሚመጣ እርጅና ማለት ነው። ቀለሙ በፀሐይ ቢደበዝዝ፣ ምንጣፉ በእግር ብዛት ቢሳሳ በዚህ ይገባል፣ ከዲፖዚትሽ መቆረጥ የለበትም። ምንጣፉን ከሰል ቢያቃጥለው ግን «ዳሜጅ» ነው፣ ትከፍያለሽ። የገባሽ ቀን ክፍል በክፍል ፎቶ አንሺ። ይህን የምልሽ ለእንግሊዝኛው ሳይሆን ለብርሽ ነው።

«ሃፍ ባዝ» ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ያለው፣ ሻወር የሌለው ክፍል ነው። «ዎክ አፕ» ሊፍት የሌለው ፎቅ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ከነአስቤዛሽ በእግር ነው። የደብረ ሲና ልጅ ነሽ፣ ጣርማበርን ሽቅብ እያየሽ ያደግሽ፣ ዳገት አይገርምሽም። «ሩምሜት» ግን አያስደንግጥሽ። እኛ ደባል ስንል አንድ ክፍል የሚጋሩ ይመስለናል፣ አሜሪካ ሩምሜት የሚባለው ቤቱን የሚጋራ ነው፣ መኝታችሁ ለየብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «ዱ አይ ጌት ማይ ኦውን ቤድሩም?» ብለሽ ጠይቂ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ኮርኒሱ ላይ ክብ ነጭ ነገር ታያለሽ፣ «ስሞክ ዲቴክተር» ይባላል። ጭስ ሲሸተው ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይጮኻል። ቡና ቆልተሽ፣ እጣን አጭሰሽ፣ ጎረቤት ሁሉ በፒጃማ ደረጃ ላይ ቢወጣብሽ የመጀመሪያዋ አበሻ አይደለሽም። ባትሪውን ነቅሎ ማስቀመጥ በሕግም በውልም ያስጠይቃል፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ ተኝተሽ የሚቀሰቅስሽ እሱ ነው። መስኮት ከፍተሽ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ አብርተሽ ቁዪ፤ እሱ «ሬንጅ ሁድ» ይባላል። እጣኑን ቀነስ አድርጊው፣ ቅር ቢልሽም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ወንድሜ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ይሄዳል። ያገኘው ክፍል 200 ፓውንድ ይላል፣ ከጎኑ «ፒ ደብሊው» የሚል አለ። በወር 800 ነው ብለን በጀት ያዝን። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። «ፒ ደብሊው» «ፐር ዊክ» ነው፣ በሳምንት። ዓመቱ 52 ሳምንት ስላለው 200 በ52 ሲባዛ 10,400 ይሆናል፣ ለ12 ሲካፈል በወር 867 ፓውንድ ገደማ። በወር ሲሆን «ፒ ሲ ኤም» ተብሎ ይጻፋል፣ «ፐር ካለንደር መንዝ»። ሁለት ማስታወቂያ ሲያወዳድር አስቀድሞ ይህቺን ይይ። ዲፖዚቱንም በዚሁ አስቡት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ዲፖዚት ከ5 ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፣ ስለዚህ እሱን ከ1,000 ፓውንድ በላይ መጠየቅ አይቻልም። «ቢልስ ኢንክሉድድ» ካለ መብራትና ማሞቂያው እዚያው ውስጥ ነው። ለሸዋ ሮቢት ልጅ ደግሞ ማሞቂያ ቀላል ነገር አይደለም። ቬንትሌተር የለመደ ሰው «ሂቲንግ» የሚለውን ቃል ነው መጀመሪያ መያዝ ያለበት።

ጥያቄ፦ መሶብ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ መሶብ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ አካባቢ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የቤት ዕቃ ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ያገኘሁት የሥዕል መጽሐፍ ዕቃ ማጠቢያ ማሽንና የሣር ማጨጃ ማሽን ነው የሚያሳየው። ተማሪዎቼ አይተውት የማያውቁትን ነገር እንዴት ይሸምድዱ?

መልስ፦ መምህር፣ ያን ገጽ ዝለለው። ልጆቹ ቤት ያለውን ዕቃ ዘርዝራቸው፣ ከነሥራው ደግሞ። ዕቃውን ብቻ ስታስተምር ልጁ ቃሉን ይዞ ይቀመጣል፣ ግሡን ስትጨምርለት ማውራት ይጀምራል። መጥረጊያ «ብሩም» ነው፣ በሱ «ስዊፕ» ይደረጋል። ወንፊት «ሲቭ» ነው፣ ዱቄት በሱ «ሲፍት» ይደረጋል። ሙቀጫና ዘነዘና «ሞርታር ኤንድ ፔስል» ናቸው፣ «ፓውንድ» ይደረግባቸዋል፤ ያው የእንግሊዝ ገንዘብ ሲነገር የምንሰማው ቃል ነው፣ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አይረሱትም። ሰፌድ «ዊኖዊንግ ትሬይ»፣ እንስራ «ክሌይ ዋተር ጃር»፣ ጭልፋ «ሌድል»፣ ድስት «ፖት»፣ መጥበሻ «ፓን»፣ የምጣድ አክንባሎ «ሊድ»። ባናን «ኧ ሃንድዎቨን ዉል ብላንኬት» በላቸው። መንዝ ላይ በግ አርብቶ ባና የሚለብስ ቤተሰብ ልጅ «ዉል» የሚለውን ቃል ከሳር ማጨጃው በፊት ማወቅ አለበት።

ቤቱንም እንደዚሁ። የድንጋይ ግድግዳ «ስቶን ዎል»፣ ቆርቆሮ «ኮሩጌትድ አይረን»። የጓሳ ሣር ክዳን ያለው ቤት ካለ «ታችድ ሩፍ» ይባላል። «ታች» ስትል ክፍሉ ሁሉ ወደ መሬት ማየቱ አይቀርም፣ ጣቱን ወደ ጣሪያ እንዲቀስር አድርግ።

አነባበብ ላይ አንድ ጠብቅ። የዕቃ ማስቀመጫው «ከፕቦርድ» አይባልም፣ «ከበርድ» ነው፣ መሐል ያለችው ፊደል ትዋጣለች። «ካቢኔት»ም ይባላል፣ ግን እኛ አገር ካቢኔ ስንል የወረዳ ሹም ስለሚመጣብን «ከበርድ» ይሻላል። ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን «ዋርድሮብ» ነው፣ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ከሆነ አሜሪካኖች «ክሎዜት» ይሉታል። ኮመዲኖ ለእንግሊዝ «ቤድሳይድ ቴብል»፣ ለአሜሪካ «ናይትስታንድ»። ፔርሙዝ «ቴርሞስ»፣ ሳፋ «ቤዝን» ወይም «ዋሽታብ»፣ ባልዲ «በኬት»፣ በረኪና «ብሊች»። ላርጎም ኦሞም ማርካ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ዲሽ ሶፕ» ነው፣ ሁለተኛው «ላውንድሪ ዲተርጀንት»። ለፈተና ከሆነ ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ አንኮበር ነው የምኖረው። ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች አንዳንዴ ቤቴ ያድራሉ። ልጄ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ ግን ሁልጊዜ አትኖርም። ለማሳደር የሚበቃኝን ያህል ቢጽፉልኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ አስተናጋጅ ብዙ አያስፈልገውም። ረጅም ዓረፍተ ነገር አይሸምድዱ። ዕቃውን እያሳዩ አጭር ይበሉ።

እዚያ ደጋ ላይ የመጀመሪያው ነገር ብርድ ነው። «ኢት ኢዝ ኮልድ አት ናይት» ይበሏቸው፣ ከዚያ ብርድ ልብስ አንስተው «ኤክስትራ ብላንኬት?»። ጋቢ ካለዎት «ጋቢ» ብለው ይስጧቸው፣ ሲለብሱት ይገባቸዋል። ያ ወፈር ያለው፣ ኮንፈርት የምንለው፣ ቃሉ «ኮምፈርተር» ነው፤ «ኮምፈርት» ካሉት ማጽናናት ይሆናል፣ እርስዎም ፈረንጁን ሊያጽናኑት የመጡ ያስመስልዎታል። እንግሊዞቹ «ዱቬ» ይሉታል።

አንሶላ ላይ ይጠንቀቁ። «ክሊን ሺትስ» ሲሉ «ሺ»ዋን ረዘም አድርገው ይሳቧት። ካሳጠሯት ስድብ ናት፣ ከርስዎ አፍ ብትወጣ እንግዳው ሳቁን አይችልም። ካልሆነ ይተዉትና አልጋውን እያሳዩ «ክሊን ቤድ» ይበሉ። ትራስ «ፒሎው» ነው።

የሚታጠቡበት ውሃ በባልዲ የሚያሞቁ ከሆነ «አይ ቦይል ዋተር ፎር ዩ» ይበሉ፣ ሰዓቱን በጣት ያሳዩ። ሰዓት ላይ ግን አደራ። እርስዎ አሥራ ሁለት ሲሉ የነሱ ስድስት ነው። ወፍ የሚያዩት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ቁርስ ላይ ብትተላለፉ ቀናቸው ተበላሸ፣ ሰዓቱን ከስልካቸው ላይ አሳይተዎት ይነሱ።

ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ሌሊት ሲፈልጉ አይደለም። «ዘ ቶይሌት ኢዝ አውትሳይድ»። የጉድጓድ ከሆነ «ፒት ላትሪን» ነው፣ ገጠር የሚዞሩ ሰዎች ያውቁታል። አሜሪካዊው «ባዝሩም» የት ነው ብሎ ከጠየቀዎት ገላውን ሊታጠብ አይደለም፣ ሽንት ቤት ነው የሚፈልገው፤ ውሃ ማሞቅ እንዳይጀምሩ። በጨለማ ለመውጫ ባትሪ ይስጧቸው። ለእንግሊዙ «ቶርች» ነው። አሜሪካዊውን ግን «ፍላሽላይት» ይበሉት፣ እሱ ቶርች ሲባል የሚመስለው የሚነድ ችቦ ነው።